ከአድባሯ በፊት የተቀመሰው እሸት

ትናንት ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ከፍቼ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ከአጥሩ ማዶ የገብስ ጺም ሲለበለብ ሸተተኝ። ይህን ሽታ የማያውቅ ሰው ሣር የተቃጠለ ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ እንደ ተለበለበ ጠጉር አፍንጫን ይቆነጥጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ፍሬው ሲሞቅ ወተት ወተት የሚል ጣፋጭ ሽታ ይከተላል። ጎረቤቶቼ ከገጠር የመጣላቸውን እሸት ግቢያቸው ውስጥ እየጠበሱ ነበር። መንገዱ ላይ ባጃጅ ይንጫጫል፣ የልጆቹ ስልክ ይዘፍናል፤ እኔ ግን የያዝሁትን ነጠላ ጣል አድርጌ ተነሣሁ። እስከ በሩ ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ እንደገና ሄድሁ።

«እማማ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

የጠፋብኝ ነገር አልጋ ሥር የሚፈለግ አይደለም። እስቲ ለአንቺ ልንገርሽ። አንቺ እንኳ ቀና ብለሽ ትሰሚኛለሽ፤ እሷ ስልኳን ሳታይ አንድ ወሬ አታስጨርስም።

ከልጅነቴ ጀምሮ መቀመጥ የማልችል ሴት ነበርሁ። እናቴ ቡና እስክታቀርብ እንኳ አልጠብቅም፤ ተነሥቼ ከብቶቹን አይቼ እመለስ ነበር። የተዳርሁት በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ከቆሰበር ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር። ዛሬ ከተማዋን እንጅባራ ይሏታል፣ ለእኔ አፍ ግን ቆሰበር ይቀለዋል። የባሌ ወላጆች ቤት በቀርከሃ አጥር የተከበበ ነበር። ከኋላው የድንች ጓሮ አለ፣ ከፊቱ እስከ ወንዙ የሚወርድ የገብስ ማሳ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሐይቁ በኩል ይመጣና ማሳውንም አጥሩንም ይውጣቸዋል። የባሌ ፈረስ ሲያንኮራፋ ብቻ ይሰማል፣ ፈረሱ የት እንደቆመ ግን አይታይም።

ሦስተኛው ክረምት ሲገባ ሆዴ ገና ባዶ ነበር። እንዲህ ስልሽ ቀላል ይመስላል። ገበያ ስወርድ የሴቶቹ ዓይን ከፊቴ በፊት መቀነቴ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰላምታቸውን ጨርሰው «እንዴት ነው ነገሩ?» ይሉኛል፤ ነገሩ ምን እንደሆነ እነሱም እኔም እናውቃለን። ጨው እንደረሳሁ ሆኜ ወደ ሌላ ተራ እሮጣለሁ።

ባሌ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከሰው ይልቅ ከፈረሱ ጋር ብዙ ያወራል። እኔ ወደድሁት፤ ይኸው ነው ጣጣው። አንድ ቀን ላም እያለብሁ የባሌ አባት ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሰማሁ።

«ገብሱ ይታጨድና ወደ አባቷ ቤት ትመለስ። ቤቱ ሙሉ ሳለ በሰላም ብትሄድ ለእሷም ይሻላታል።»

ባሌ ፈረሱን እያሻሸ ነበር። የማሻሸቱ ድምፅ ቆመ። አንዲት ቃል እንዲመልስ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ማሻሸቱ ቀጠለ። የታለበው ወተት በጉልበቴ ላይ ሲፈስ እንኳ አላወቅሁም። እንደዚያ ቀን በሰው ተናድጄ አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ሰው ወድጄ አላውቅም።

አሁን የቀረችኝ አድባሯ ብቻ ነበረች።

ከማሳው ራስጌ አንድ የኮሶ ዛፍ ነበረ፤ ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። አበባው በመከር ወራት ቀይ ሆኖ እንደ ሹሩባ ይንጠለጠላል። ሥሩ ዓመት ዓመት በሚቀባው ቅቤ ጠቁሮና ለስልሶ፣ በብዙ እጅ እንደተዳሰሰ የበር መቃን ሆኖ ነበር። የመንደሩ አድባር እሷ ናት። የገብስም የማሕፀንም ነገር ለእሷ ነበር የሚነገረው። የንስሐ አባታችን በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ወንዙ ያዞሩ ነበር፤ ባለቤታቸው ግን በእሸት ጊዜ ሙዳያቸውን ታቅፈው ከሁላችንም ቀድመው ይታያሉ። እኛም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ሰኞ ከአድባሯ ሥር ብንገኝ የሚጋጭ ነገር አልነበረንም።

ሥርዓቱን ልንገርሽ፤ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ነው የቆመው። አዲሱ ገብስ ለእሸት ሲደርስ አድባሯ ድርሻዋን ሳታገኝ ከቤቱ ማንም ሰው አይቀምስም። የቤቱ እመቤት ከማሳው አንድ እቅፍ ታጭዳለች፣ በጭድ እሳት ትለበልባለች፣ በመዳፏ ፈትጋ ፍሬውን ሙዳይ ውስጥ ታደርጋለች። ልጅ ያጣች ሴት ካለች ሙዳዩን እሷ ትይዛለች። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሁለት ከሄዱ አድባሯ ለማንም አትሰጥም ይባላል። የምትሄደው ሴት አዲሱን ገብስ ያልቀመሰች መሆን አለባት። ስትሄድም ስትመለስም አትናገርም፣ ወደ ኋላዋም አታይም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ሙዳይ የያዘችን ሴት እስከ ከርሞ እሸት ድረስ ባሏ አይፈታትም፤ ፈትቷት ከሆነም መልሶ ይወስዳታል። አድባሯ የተቀበለቻትን ሴት ማባረር ማሳን ለበረዶ መስጠት ነው ብለው ይፈሩ ነበር። የባሌ አባት እንኳ ለዚህ ነገር ይበረግጋሉ። እንግዲህ ሙዳዩ ለእኔ የአንድ ዓመት ዕድሜ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳይቆም፣ የባሌ እህት ከተዳረችበት ከአዘና መጣች። የባሏ ወንድም ከነጓዟ እስከ አጥራችን በር አድርሷት፣ ግባ ቢባል አልገባም ብሎ በዚያው ተመለሰ። ታላቄ ስለሆነች እታለም ነበር የምላት። ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣም ሰው የምታስቅ ሴት ነበረች። ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ከትከሻዋ ተጣብቋል። እናቷን ሳመችና እዚያው በር ላይ ቆማ ሳቀች።

«መለሱኝ፣ እማዬ። ይኸ እንስራ ውኃ አይዝም ብለው መለሱኝ።»

አማቴ አልሳቁም። እሳት ዳር ቁርበት አነጠፉላት፣ እግሯን በሙቅ ውኃ አጠቡላት። እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ አሰብሁ። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት።

የባሌ አባት ብዙ ሳይቆዩ ተናገሩ፤ በሁላችንም ፊት ነው፣ እኔን እንደ ምሰሶው ቆጥረው። «ዘንድሮ ሙዳዩን ልጄ ትይዛለች። እዚህ ቤት ሌላ ምራት ልትገባ ትችላለች፤ ልጅ ግን ያለችኝ አንዲት ናት።» አማቴ ገንፎውን እያማሰሉ ነበር። እሺም እምቢም አላሉም። በዚያ ቤት ሙዳዩ የእሳቸው ነው፤ የባሌ አባት በዚህ ነገር ሊያዙ አይችሉም፣ ሊቆጡ ግን ይችላሉ። እናት ከሆድዋ ልጅ ላይ ነጥቃ ለምራት እንደማትሰጥ ደግሞ ሞኝም ያውቀዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ጠዋት ተነሥቼ ከሁሉ በፊት የምሄደው ወደ ማሳው ነበር። አንድ ዛላ እመርጥና ፍሬውን በጥፍሬ እጫነዋለሁ፤ ነጭ ወተት ፊጭ ይላል። ገና ነው። በማግሥቱ እሄዳለሁ፤ ገና ነው። ያን ዓመት ብርዱ ጠንክሮ፣ ፀሐይም ጠፍታ ገብሱ ዘገየ። ቶሎ ቢደርስ ሙዳዩ ለእታለም ተሰጥቶ የእኔ ነገር ያልቃል፤ ቢዘገይ ደግሞ እንቅልፍ ሳይወስደኝ መክረሜ ነው። ምኑን እንደምመኝ ራሴም አላውቅም ነበር፤ ብቻ እሄዳለሁ፣ እጫናለሁ፣ እመለሳለሁ።

«አንች ሴት፣» አለችኝ እታለም አንድ ቀን ከኋላዬ መጥታ፣ «ገብሱን በጥፍርሽ ጨረስሽው እኮ! ለአድባሯ ምን ልትተይላት ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ጠላኋት። አብረን ድንች ስንቆፍር ጠላኋት፣ አብረን ውኃ ስንቀዳ ጠላኋት። ክፋቱ፣ ጥላቻዬ አይበረክትም። አንድ የሆነ ነገር ትናገርና ያስቀኛል፤ ወይም በአዊኛ እያወራች የባሏን እናት አረማመድ አስመስላ ስትሄድ እንስራዬን አስቀምጬ ሆዴን እይዛለሁ።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ልብስ እያጠብን ሳለ አላስችል አለኝ።

«እታለም፣ ሙዳዩን ትፈልጊዋለሽ?»

«ልዋሽሽ?» አለች የያዘችውን ቡልኮ እየጨመቀች። «እፈልገዋለሁ። አዘና ቤት አለኝ፤ በገዛ እጄ የለሰንሁት ቤት። በጉም ውስጥ እንኳ በሩን አልስተውም።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንችስ? ወንድሜን ትወጅዋለሽ?»

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ። ፊቴን በወንዙ ውኃ ታጠብሁ። እሷ ወደ ሌላ ዞር አለችልኝ።

«እሱም ይወድሻል። አፍ አልፈጠረበትም እንጂ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ እንደ ዋዛ፣ «የተመለሰች ሴት እኮ የአባቷ ቤት በር እንኳ ይጠባታል። ጎንበስ ብለሽ ነው የምትገቢው፤ በፊት ቀጥ ብለሽ የገባሽበትን በር» አለችኝ። ቡልኮውን ድንጋይ ላይ ዘረጋችና ዘፈን ጀመረች።

ጥቅምት ተጋምሶ አንድ ጠዋት ወተቱ ቀረ። ፍሬውን ስጫነው እንደ ለጋ አይብ ሆኖ ጥፍሬ ላይ ቀረልኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ጉሙ ተገፍፎ ፀሐይ ወጥታለች። ወደ ቤት ሮጥሁ። ቤት ስደርስ አማቴ ማጭዳቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር።

እሳቸው ራሳቸው አጭደው መጡ። በግቢው መሐል ጭድ አቀጣጠሉ። ጺሙ ሲንጣጣ፣ ያ የነገርሁሽ ሽታ ሲነሣ፣ ሁላችንም በየቦታችን ሆንን። የባሌ አባት ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገዋል። ባሌ የፈረሱን ልጓም ይዞ ቆሟል፤ የትም አይሄድም፣ ብቻ ይዞታል። አማቴ የተለበለበውን ሰፌድ ላይ አድርገው በመዳፋቸው መፈተግ ጀመሩ። ገለባውን እፍ ይሉታል፣ አረንጓዴ ፍሬው ይቀራል። ሙዳዩ ክዳኑ ተከፍቶ ሰፌዱ አጠገብ ተቀምጧል። በአንድ በኩሉ እኔ፣ በሌላው በኩል እታለም።

አማቴ ፍሬውን ሙዳዩ ውስጥ አደረጉ። ቅቤውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከላይ አስቀመጡና ከደኑት። አሁን የሚቀረው አንስቶ መስጠት ብቻ ነው። እጃቸው ክዳኑ ላይ ቀረ። አያነሡትም፣ አይለቁትም።

«ምን ይጠበቃል?» አሉ የባሌ አባት። «ስጫት እንጂ ለልጅሽ!»

እኔ መቆም አቅቶኝ አንዱን እግሬን በሌላው ላይ እረግጣለሁ። ይሄኔ ነው እታለም ጎንበስ ብላ ሰፌዱ ላይ ከቀረው እሸት በእጇ ሙሉ ያፈሰችው። እፍ እንኳ አላለችም። ከነገለባው አፏ ውስጥ ጨመረችው።

እግዚኦ! ከአድባሯ በፊት! ፈረሱ እንኳ ጆሮውን ያቆመ መሰለኝ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታኝካለች። ሳል ያዛት፣ እንባዋ ወረደ፣ ግን አልተፋችውም፤ አንገቷን ሰብቃ ዋጠችው። የባሌ አባት ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«አንች! አብደሻል?»

«አማረኝ» አለች።

«ምን?»

«አማረኝ፣ አባዬ። ምን ላድርግ? ሰሞኑን ያየሁት ሁሉ ያምረኛል።»

ዱላው ከአየር ላይ ወረደ። አምሮት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከባሏ ቤት የወጣችው ነሐሴ ላይ ነው፤ ለማስላት ቀላል ነበር። አማቴ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩአት። ረጅም ጊዜ አዩአት። እሷም አየቻቸው፤ ከከንፈሯ ዳር አንድ የገብስ ጺም ተጣብቆ ነበር። ከዚያ አማቴ አፋቸውን በእጃቸው ጋርደው እልል አሉ።

«እሰይ! እሰይ ልጄ!»

እልልታቸውን ሳይጨርሱ ወደ እኔ ዞረው ሙዳዩን ደረቴ ላይ ገፋ አደረጉት። «ያዥው። አፍሽን ዝጊና ሂጅ።»

ሄድሁ። አፌ ተዘግቷል፣ ልቤ ግን ይለፈልፋል። ጤዛው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አራሰው። እውነቱን ልንገርሽ፣ አድባሯ ሥር ስደርስ የቀናሁትን ቅናት ለሌላ ሴት አይስጥ። እሷ ሳትለምን አግኝታለች፤ እኔ ገና ልማጸን ነው! ቅቤውን ግንዱ ላይ ስቀባ እንደ ጠላት ፊት ነበር የምቀባው። እሸቱን ሥሩ ላይ በተንሁ። የምለውን ሁሉ ለወራት አዘጋጅቼው ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ። መዳፌን ለስላሳው ሥር ላይ አድርጌ ቆምሁ። ከተወለድሁ ጀምሮ ዝም ብዬ የቆምሁት ያኔ ይመስለኛል። ቀይ የኮሶ አበባ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ አላራገፍሁትም።

ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ። ወደ አባቴ ቤት ሂጅ ያለኝ ሰው የለም። ባሌ አንድ ቀን ከገበያ ሻሽ ገዝቶልኝ መጣ፤ ሰጠኝና ወደ ፈረሱ ሮጠ። ያ ለእሱ ንግግር ማለት ነው።

አማቴ እታለምን እንደ እንቁላል ይይዟት ጀመር። እንስራ አያሸክሟትም፣ ጢስ ላይ አያስቀምጧትም። የእርጎው ዓይን ለእሷ ነው፣ ቅቤው ለእሷ ነው። እሷ አንገቷን ደፍታ ትበላለች። ቀልዷ ቀነሰ። እኔም እያየሁ «ጠግባ ነው፣ ኮርታ ነው» እል ነበር። ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ ግን የመንደሩ ሴቶች ወገቧን በዓይናቸው ይለኩት ጀመር። ምንም የለም።

ወሬው ለካ አዘና ደርሶ ኖሯል። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን የባሏ ሽማግሌዎች በበቅሎ መጡ፤ ሊወስዷት፣ ጃኖ ሳይቀር ይዘውላት። የባሌ አባት ጠላ አስቀዱ። እታለም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ በሩ ላይ ቆመች።

«አልሆነም» አለች። «ለእሱም እንዲህ በሉት። ወሬው ከእኔ ነው የወጣው፤ ተሳስቼ ነው።»

ሽማግሌዎቹ የተቀዳውን ጠላ ሳይጠጡ ተነሡ። ጃኖውን አጥፈው ኮርቻ ላይ ሲያስሩት እሷ ቆማ ታይ ነበር። የባሌ አባት «አዋረድሽኝ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩባት፤ ከዚያ በኋላ አላናገሯትም። ሴቶቹ ውኃ ወርደው ሲመለሱ «አማረኝ» እየተባባሉ ይሳሳቁባት ነበር። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ራሷን ያታለለች ሴት መስላኝ አዘንሁላት እንጂ ሌላ አልጠረጠርሁም።

ዳንግላ አንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ጥጥ የምትፈትልላቸው ሴት ይፈልጋሉ ተባለ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ጓዟን ቋጠረች። ልሸኛት እስከ መንገዱ ወጣሁ። ከአንድ ቤት የቅቤ ማንጠር ሽታ መጣና ድንገት አንጀቴ ተገለበጠ፤ አጥር ሥር ተቀመጥሁ። ጀርባዬን ያዘችልኝ። ቀና ስል ፊቷ በርቶ ነበር።

«አይ አንች!» አለችኝ እየሳቀች፣ ሳቋ ከመጣች ጀምሮ የማውቀው ሳቅ ነበር። «እኔ ያማረኝን አንች ፀነስሽው!»

ሴት ልጅ ወለድሁ። ክርስትናዋ እሸት በደረሰ ሰሞን ሆነና እታለም ከዳንግላ መጣች። የፈተለችውን ጥጥ አሠርታ መጠቅለያ ይዛላት ነበር። ሕፃኗን ከእቅፌ ወስዳ አናቷን አሸተተቻት፤ ከዚያ ማሽተቱን አልተው አለች። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ እሷ አፍንጫዋን ከልጄ አናት አላነሣችም። እሸት ለእንግዳው ሁሉ ሲዞር ሰፌዱን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«ጥርሴን ያመኛል። ቆሎ ካለ ስጡኝ።»

ጥርሱን የሚያመው ሰው ቆሎ ሲቆረጥም አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ግን ያኔ በልጄ ተጠምጄ ልብ አላልሁትም። ባሌ ቆሎ በቁና አመጣላት። ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ስትቆረጥም ውላ፣ የቀረውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው። ደረቷን ታማ ዳንግላ እንዳረፈች የሰማን ልጄ ከብት መጠበቅ በጀመረችበት ዓመት ነበር። ነጋዴው ባለቤታቸውን ይዘው ለለቅሶ መጡ፤ ባለቤታቸው ከሁላችንም በላይ አለቀሱ። የባሌ አባት ግድግዳው ሥር፣ እዚያው በርጩማ ላይ ሆነው፣ ድምፅ ሳያወጡ እንባቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ አየኋቸው።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ እሸት ሲደርስ፣ አማቴና እኔ ብቻችንን ሰፌድ ላይ ገብስ እንፈትግ ነበር። እሳቸው ድንገት እጃቸውን አቆሙ።

«እሸት አትበላም ነበር» አሉኝ።

«ማን?»

«ልጄ። ሕፃን ሳለች ጺሙ ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቶ ልትሞትብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአፏ አዙራው አታውቅም። ሲጠበስ እንኳ ሽታውን ፈርታ ከግቢ ትወጣ ነበር።»

መዳፌ ውስጥ ያለው ገብስ እንዳለ ቀረ። «ታዲያ ያን ቀን፣ እማማ... ያን ቀን እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«እናቷ እኮ ነኝ» አሉ። ሰፌዱን እያዩ ነበር የሚናገሩት። «እኔ መምረጥ አቃተኝ፤ እሷ መረጠችልኝ። ዓይኗን አየሁት፣ ዝም በይ አለኝ። ልጄን በእልልታ አሳልፌ ሰጠኋት።»

ያ ሁሉ እርጎ፣ ያ ሁሉ ቅቤ፣ እንስራ አታንሺ ማለቱ ያኔ ገባኝ። አርግዛለች ብለው አልነበረም። ሌላ የሚሰጧት ስለሌላቸው ነበር። እኔ ደግሞ እዚያው አጠገባቸው ሆኜ ስቀና ኖሬያለሁ። ተነሥቼ ልሮጥ ፈለግሁ። አማቴ ሰፌዱን ወደ እኔ ገፉትና «ፍተጊ፣ ልጆቹ ይርባቸዋል» አሉኝ። ፈተግሁ።

ኮሶው ከወደቀ ቆየ። በቦታው ሰው ለከሰል የሚያበቅለው ዛፍ በመስመር ቆሟል። ባለፈው ልጄ በመኪና ስታሳልፈኝ ቦታውን ለማሳየት ጣቴን ቀሰርሁ፤ ሳላሳያት አለፍነው። ልጄ አሁን የልጅ ልጆች አሏት። አናቷን ማን እንደዚያ አሽትቷት እንደነበር አታስታውስም፤ እንዴት ብላ!

ትናንት ጎረቤቶቼ ትልቅ እናት አለች ብለው እሸት በሳህን ላኩልኝ። የልጅ ልጄ በሁለት እጇ እየዘገነች ትበላለች። «እማማ፣ ቅመሽ እንጂ፤ ቁጭ በይና ቅመሽ» ትለኛለች። እኔ ጓዳ ገብቼ ትንሽ ቆሎ ፈለግሁ። አንድ ጭብጥ ይዤ ወጣሁና ሳህኑ አጠገብ፣ ሰው በሌለበት በኩል አስቀመጥሁት።

«ይኼ ደግሞ የማን ነው?» አለችኝ።

«ተይው፣ አትንኪው» አልኋት። «እታለም እሸት አትበላም።»